በአባትህ ክፍል ሥር

መጋቢት 3

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ከጣቴ ቀርፋፋነት ጋር ይድረስህ። ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ የምትረግጠውን መሬት ደረቅ ያድርግልህ። እኔ ከጉልበቴና ከግድግዳዬ በቀር ደህና ነኝ።

ፊደሉ ተንጋዶ ብታየው አትሳቅ፤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ ሲደርስህ የነበረው ያማረ ጽሑፍ ፖስታ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጠው ጸሐፊ የጻፈው ነው። እኔ አንድ ስናገር እሱ ሦስት ይጨምራል። «ናፍቆትህ አንገበገበኝ» የሚለው የሱ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት እየሄድኩ፣ ጉልበቴ በማይገባበት አግዳሚ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። በስድሳ አንድ ዓመቷ ምን ሊሆናት ነው ያላለኝ የለም። ምን ሊሆነኝ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ደውለሽ አትነግሪኝም ወይ ትል ይሆናል። በስልክ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ እቆጣለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባትህ ቤቱን ለሁለት የከፈለበት ግድግዳ ከሥሩ እየራሰ ነው። አምና እርጥበቱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር፤ ዘንድሮ በጋው ሳይወጣ ጉልበቴ ደረሰ። አልጋዬን ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ጊዜ አዛውሬአለሁ። ልብሴ ይሸታል፣ የልብስ ሣጥኔ አብጦ በጉልበት ነው የሚከፈት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በሲሚንቶ ላስለስነው አስቤአለሁ። ግድግዳው የጋራችን ስለሆነ ላሳውቅህ ብዬ ነው። ካለህ ለልሳኙ የሚሆን ላክልኝ፣ ከሌለህም አትጨነቅ፤ ሰው አለመድረሱን ለምጄዋለሁ።

አክስትህ


መጋቢት 26

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ የሚያምዎትን እሱን። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ፖስታውን ስከፍት የማን እጅ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ደግሜ ሳነበው ድምፅዎን ሰማሁት። ከጸሐፊው ይሻላል። እሱ አንድም ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም።

አክስቴ፣ እባክዎ አያስለስኑት። እንደሚያውቁት የምተዳደረው ቤት በመቀባት ነው። በየዓመቱ እዚያው ቤት እንመለሳለን፣ እዚያው ጥግ ያለውን ያንኑ እድፍ እንቀባለን። አለቃዬ «ከእርጥበት የበለጠ ታማኝ ደንበኛ የለም» ይላል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ግድግዳ መለሰን ትኩሳት ላለበት ሰው ካፖርት መደረብ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። አንድ ክንድ የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ ያድርጉና ዙሪያውን ይለጥፉት። ከሦስት ቀን በኋላ ላቡ ከላስቲኩ ውጭ ከታየ የክፍሉ አየር ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግን ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው።

ሌላም ትዝ ያለኝ ነገር አለ። አያቴ የቆፈሩት ቦይ። ከጀርባችን ካለው ዳገት በጋ ከክረምት የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ በቤቱ ሥር ያሳልፍና ወደ መንገድ ያወጣው ነበር። የሚያልፈው በአባቴ ክፍል ወለል ሥር ነው። ተደፍኖ ይሆን? ክፍሉ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ ነው። ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነውና ከፍተው ይዩልኝ።

ትንሽ ነገር ልኬአለሁ። ለልስን እንዳይሆን አደራ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 9

ለወንድሜ ልጅ፣

ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፣ ከአለቃህም ጭምር።

ላስቲኩን ለጠፍኩት። ሦስት ቀን መች ፈጀ፤ በማግስቱ ከጀርባው አላበው፣ ዋሽቶ እንደተያዘ ሰው። እንግዲህ ያልከው ሆነ። ነገር ግን ደብዳቤህ ሲደርስ ልሳኙን ቀጥሬው ነበርና ለሰነው። ሰፈሩ ቶሎቶሎ ነው የሚለው። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ስሙን እያወቅሁ ማስገባቴ የእኔ ጥፋት ነው። በአንድ ቀን ጨርሶ፣ አፏጭቶ ሄደ። ለጊዜው ያምራል።

ስለ ቦዩ ያልከውን ተወው። ቦዩ ምንም አልሆነም። የአባትህ ክፍል ቁልፍ ጠፍቷል፤ ቢገኝም ጓጉንቸሩ ዝጎ አንድ ሆኗል። ደግሞ የሰው ክፍል ከፍቶ መዞር ደስ አይለኝም። ይልቅ በዳገቱ በኩል፣ ከቤቱ ውጭ አዲስ ቦይ ላስቆፍር። መላክ ከፈለግህ ለሱ ላክ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ደብዳቤህን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተትኩት። ሻጋታ ይሸታል። ወረቀቱም ዳር ዳሩን ተኮማትሯል። «በጣም ደህና ነኝ» የሚል ሰው ምን ዓይነት ቤት ነው የሚኖረው? በሌላ ነገር አታልለኝ፤ በእርጥበት አታታልለኝም።

እና «የተከበሩ አክስቴ» የሚለው ከየት መጣ? አፍህን ስትፈታ እንደ አባትህ እታለም ነበር የምትለኝ።

አክስትህ


ግንቦት 2

ለአክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? ስለዘገየሁ አይቀየሙኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ያንን ወረቀት ጣልኩት።

አፍንጫዎ አልተሳሳተም። የምኖረው ምድር ቤት ነው። በመስኮቴ የሚታየኝ የሰው ጫማ ብቻ ነው፤ የሰፈሩን ሰው በተረከዙ ነው የማውቀው። ቀን ቀን የሰው ሻጋታ እየፋቅሁ ስቀባ ውዬ፣ የራሴን አልነካውም። ብርዱን ሁሉ ስስል ከረምኩ። ሐኪሙ ደረቴን አየና ሌላ መድኃኒት አላዘዘልኝም፤ «ከዚያ ክፍል ውጣ» ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። እመጣለሁ። አባቴ ክፍል ገብቼ፣ እዚያው ሰፈር ቀለም እየቀባሁ እኖራለሁ። ያ ትልቅ መስኮት ከፊቴ አይጠፋም። ክፍሉ ደረቅ ነው፣ አይደል? ሰው ሳይገባበት ይህን ያህል ዓመት የቆየ ክፍል መቼም ደርቆ ይሆናል። ጓጉንቸሩን በመጋዝ ያስቆርጡልኝ።

ልጅ ሆኜ ፍራሼ ከሥር ሲርስ ወደ እርስዎ ክፍል ወስደው ያስተኙኝ ነበር። እርጥብ ካልሲዬን አውልቀው እግሬን በእጅዎ ያሹልኝ ነበር። በጭራሽ አልረሳውም።

ሲሚንቶው እርጥበቱን አያቆመውም፣ ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ። ይጠንቀቁ።

የወንድምዎ ልጅ


ግንቦት 12

ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር በለኝ። አትምጣ።

ያ ክፍል ለደረት አይሆንም። ያለህበት አገር ፎቅ ጠፍቶ ነው? ፀሐይ የሚያየው ክፍል ተከራይ። ወይም ቤቱን እንሽጠውና ድርሻህን ውሰድ። እኔ አንድ ጥግ አላጣም።

የቶሎቶሎ ልስን አብጦ አብጦ ከትናንት ወዲያ በቁሙ ወረደ። ትራሴ ላይ ነው የወደቀው፤ እኔ አጠገቡ የለሁም ነበር። እርጥበቱ አሁን ወገቤ ላይ ነው። እንዳልከው ሆነ፣ ደስ ይበልህ።

ፍርስራሹን ወደ ውጭ ሳወጣ ውሃልክ በደጄ ሲያልፍ አገኘኝ። ታስታውሰው እንደሆነ እንጃ። አባትህ ግድግዳውን ሲያቆምና የክፍሉን ወለል ሲያስሠራ ግንበኛው እሱ ነበር። የተንጋደደ ግድግዳ ሳይ ራሴን ያመኛል ስለሚል ነው በግንበኛ መለኪያ ስም ውሃልክ ያሉት። አባትህ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሰርቀሃል ብሎ ሰው ፊት አባረረው። ከዚያ ወዲያ እዚህ ሰፈር መዶሻ እንኳ ያስያዘው የለም።

ቆሞ የወደቀውን ልስን በእግሩ አገላበጠው።

«ማን ነው የለሰነልሽ?»

«ቶሎቶሎ።»

«ለስኖልሽ ነው ወይስ ዱቄት ነስንሶብሽ?»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ይህን ብሎ መንገድ ዳር ወዳለው የቦዩ አፍ ሄደ፣ አጎነበሰና ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባ። እጁ አቧራ ብቻ ይዞ ወጣ።

«ይኸው፣ ደረቅ ነው። ከላይ ውሃ ይገባል፣ ከታች ጠብታ አይወጣም። መሐል ላይ አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ ቆሟል፣ እመቤቴ።»

«መንገድህን ሂድ።»

ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ብቀመጥ አይሆንልኝም፣ ብነሣ አይሆንልኝም። ደግሜ እልሃለሁ፤ አትምጣ።

አክስትህ


ግንቦት 26

ለአክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ቆሜ አነበብኩት። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ና ይለኛል ብል እርስዎ ነበሩ።

ቤቱ አይሸጥም። የምኖርበትን ክፍል ለቅቄአለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ሐምሌ 25 እደርሳለሁ።

የግንበኛውን ነገር ስላነሡ አንድ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። አባቴ የመጨረሻው ሰሞን፣ ሳሉ ፋታ ሲሰጠው የሚያወራው ስለዚያ ሰው ነበር። «ከረጢቱን ተሸክሞ ሲወጣ ያየው የለም። በከንቱ አዋርጄው ይሆን?» ይለኝ ነበር። ጠይቅልኝ ብሎ አደራ ሰጥቶኝ ሞተ። እኔም አደራውን በላሁ። በሕይወት ካለ በአባቴ ስም ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ወለሉንም የሚከፍተው እሱ ይሁን፤ ቦዩን ከሱ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 8

ለወንድሜ ልጅ፣

ተቀምጠህ አንብበው። ዛሬ አልመርቅህም። የእኔ ምርቃት ይጠቅምህ አይጠቅምህ እንደሆነ አንብበህ ስትጨርስ አንተው ትፈርዳለህ።

ቁልፉ አልጠፋም። አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ራስጌዬ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነው የኖረው። አልጋዬን ባዛወርኩ ቁጥር እሱንም አብሬ አዛውራለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ውሃልክ ቤት ሄድኩ። የአባትህን ይቅርታ አላደረስኩም። «መሮህን ይዘህ ና፣ ወለል ክፈትልኝ» ብቻ አልኩት። ለምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ተነሣ።

ጓጉንቸሩ በዘይት ተከፈተ። የክፍሉን ሽታ አትጠይቀኝ። የወለሉ ሲሚንቶ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ አብጧል፣ ግድግዳው እስከ መስኮቱ ጠቁሯል። ውሃልክ ተንበርክኮ ወለሉን በመዶሻው ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጣል። እኔ ቦታውን አልነገርኩትም። ዓይኔ ግን እዚያው ተተክሎ ቀርቷል መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አየኝና ዓይኔ ካረፈበት ላይ ጀመረ።

ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣ። ከሥሩ ቦዩ ውስጥ ተጋድሟል። ወረቀቱ በስብሶ አልቋል፤ ሲሚንቶው ድንጋይ ሆኖ የከረጢቱን መልክ ይዞ ቀርቷል። እጥፋቱ አለ፣ ሆዱ አለ፣ የአፉ ስፌት እንኳ ተራ በተራ ይቆጠራል። ከጀርባው ጥቁር ውሃ ቆሟል።

ውሃልክ መሮውን አስቀመጠ። ከረጢቱን እንደ ሰው አናገረው።

«እዚህ ነበርክ?» አለው። «አገር ሁሉ እኔ ቤት ሲፈልግህ አንተ እዚህ ተኝተህ ነበር?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ሃምሳ ኪሎ!»

«ያኔ ጉልበት ነበረኝ» አልኩት። «ቂምም ነበረኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችንን አራት ዓመት ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ሲሞት አባትህ ግድግዳ አቆመና ባለመስኮቱ ትልቅ ክፍል ለሱ፣ ዳገቱ ላይ የተለጠፈው ጨለማው ለእኔ ደረሰ። «አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ እኔ እናቱ የሞተችበት ልጅ አለኝ» አለኝ። ልጁ አንተ ነህ። ያን ሰሞን ወለሉ ተከፍቶ ቦዩ ይጠረግ ነበር። አንድ ቀን አባትህ ሥራ ላይ ሆኖ ውሃልክ ምሳ ሊበላ ወጣ። ከረጢቱን አንከባልዬ ቦዩ ውስጥ ጣልኩት፣ ድንጋዮቹን መልሼ ከደንኩበት። ውሃልክም የቦዩ ጠራጊ ጨርሶ የከደነው መስሎት በማግስቱ ላዩን ለሰነው። አንድ ክረምት ውሃ ቢገባበት ክፍሉን ይለቅልኛል ብዬ ነበር። ሰው ይታመማል አላልኩም። ሲሚንቶ ውሃ ካገኘ ድንጋይ እንደሚሆን እንኳ አላሰብኩም፤ ሲበቃኝ የማወጣው መስሎኝ ነበር።

ከረጢት ጎደለ ተባለ። አባትህ ውሃልክን ሲያባርረው በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

ሦስት ክረምት ታገሣችሁ። አባትህ አንተን ይዞ ሲሄድ ሳሉንም ከዚያ ክፍል ይዞት ወጣ። እሱ በሄደ ጊዜም በሩን ቆለፍኩ እንጂ አልገባሁበትም፤ መስኮቱን ሳየው ፊቴን አዞርኩ። ፍራሽህ ሲርስ አንሥቼ የማስተኛህ እኔ ነበርኩ፣ ያራስኩትም እኔው ነኝ። እግርህን ሳሽ ምን እንደማሽ አውቅ ነበር። ይህን በጎ ሥራ አድርገህ ስትጽፍልኝ ወረቀቱን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ሣጥኑም አልዘጋ አለኝ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። እኔን እንኳ አላሳሳቀኝም። ሃያ ዓመት ፈጅቶ በግድግዳው ሥር ዞሮ ወደ አልጋዬ መጣ።

ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው። ይህን ለዚያ ጸሐፊ አፌን ሞልቼ እንዴት ልንገረው? ሲያሳምረው ብታይ! ለመማር ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ተምሬም ሦስት ወር ልስን ነው፣ ቦይ ነው እያልኩ ዙሪያውን ዞርኩ።

ውሃልክ ቦዩን ጠርጎ ጨረሰ። ዋጋህን ስለው ራሱን ነቀነቀ።

«ዋጋ አልፈልግም። ይህን ከረጢት ግን በርሽ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ምንድነው ያለሽን ሁሉ ትነግሪዋለሽ።»

«ለሁሉም?»

«ሌባ ያሉኝ ሁሉም አይደሉ?»

በሩ ላይ አንከባሎ አቆመው። እኔም እየነገርኩ ነው። መምጣትህና መቅረትህ የአንተ ነው።

አክስትህ


ሰኔ 30

ለወንድሜ ልጅ፣

በጤናህ እንደሆንክ ብቻ ልወቅ። ምላሽህ አልመጣም። ፖስታ ቤት ስመላለስ ጸሐፊው ያየኛል። ትናንት «በኔ እጅ አስጽፈሽ ቢሆን ይመልስልሽ ነበር» አለኝ። ሳይሆን አይቀርም።

ዝናቡ ገብቷል። የመጀመሪያው ቀን ጃንጥላ ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ። ቦዩ መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፣ ቀጥሎ ቅጠል፣ ከዚያ የጠራ ውሃ። ግድግዳው ላይ እርጥበቱ የደረሰበትን በእርሳስ እያሰመርኩ ነው፤ ሁለት ጣት ወርዷል።

ስለ ድንጋዩ የማይጠይቅ የለም። አንዳንዱ ሰምቶ ሰላምታዬን ትቷል። ቶሎቶሎ እንኳ ቆሞ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ዙሪያውን ዞሮ አየና «ጥሩ ሲሚንቶ ነበር» አለ።

አክስትህ


ሐምሌ 4

እታለም፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። አራት ጊዜ መልስ ጀምሬ አራቱንም ቀደድኩ። የመጀመሪያው ስድብ ነበር፤ አራተኛውም ስድብ ነበር።

አባቴ ሳሉን ይዞ የወጣው ከዚያ ክፍል ነው። አይደለም ብዬ አላጽናናሽም። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬም አልጽፍም፤ ማለቴን አላውቅምና።

ትኬቱን ግን አልመለስኩም። እርጥብ ክፍል እንዳልገባ ተከልክያለሁ። ከሁለቱ የሚሻለው ያንቺ ነው፤ እንደ ልጅነቴ አንቺ ክፍል እተኛለሁ። አንቺ አልጋሽን ወደ አባቴ ክፍል አዛውሪ። መስኮቱን ጠዋት እየከፈትሽ ማታ ዝጊው፣ የተመኘሽው መስኮት ነውና ሥራው ያንቺ ይሁን። ግድግዳውን ዓመት እስኪሞላው ልሳኝም ቀቢም እንዳይነካው፣ እኔም ብሆን።

ለውሃልክ የአባቴን አደራ ራሴ አደርስለታለሁ። ድንጋዩን ከበሩ እንዳታነሺው። ስደርስ ሻንጣዬን የማሳርፈው እሱ ላይ ነው።

የወንድምሽ ልጅ


ሐምሌ 17

ለወንድሜ ልጅ፣

በሰላም ያግባህ። ይህ ወረቀት ከአንተ ጋር መንገድ ላይ ይተላለፍ ይሆናል፤ ቢሆንም ልጻፍ።

አልጋዬን አዛውሬአለሁ። በዚህ ዓመት ሰባተኛዬ ነው። ውሃው ከሥሬ ሲሄድ ይሰማኛል፣ ዝም የሚልበት ሰዓት የለም። እንቅልፍ አይሰጠኝም፤ ይገባኛል። መስኮቱን እንዳልከኝ አደርጋለሁ። መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል።

ውሃልክ ጠዋት ጠዋት ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሥራ ይጠብቃል። ሰው እየመጣ ይጠራው ጀምሯል። ትናንት በመስኮቱ ብቅ ብዬ «ተነሥ፣ የወንድሜ ልጅ ሻንጣውን ሊያሳርፍበት ነው» አልኩት።

«ሃያ ሁለት ዓመት አቁማችሁኛል፣ አሁን አልነሣም» አለኝ።

ትንሽ ቆየና ግን ወደ ዳር ጠጋ አለ። ሻንጣህ ትልቅ ካልሆነ ለሁለታችሁ ይበቃል።

እታለም